የጎሚስታው ስም

ሀሌሉያ የኢንተርኔት ስም መነገድ የጀመረችው ጓደኛዋ ሊሚ አግብታ ቡራዩ ከገባች በኋላ ነው። ሁለቱ ከዊንጌት ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ቡታጋዝና አንድ መስታወት ተጋርተው ለዓመታት ኖረዋል። ሊሚ ስትሄድ መስታወቱን ይዛው ሄደች። ሀሌሉያ ከቤቷ ሆና ለድርጅቶች ጽሑፍ ትተይባለች፤ ሥራው በኢሜይል ይመጣል፣ በኢሜይል ይሄዳል፣ ክፍያውም ባንክ ይገባል። ሰው የሚባል ነገር መሀሉ የለም። ሊሚ እያለች ይህ አይታወቃትም ነበር። አሁን ግን ቀኑ ሰፋባት። በተለይ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሳ በሯን ከዘጋች፣ የገዛ ድምፅዋን ሳትሰማ የሚመሽበት ጊዜ ነበር።

የዶሜይን ንግድን ያወቀችው ከዩቲዩብ ነው። ገና ማንም ያልያዘውን የድረ ገጽ ስም በትንሽ ዋጋ አስመዝግቦ መያዝ፣ ከዚያ ስሙ ለንግዱ የሚያስፈልገው ሰው ሲመጣ በደህና ዋጋ መሸጥ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ዘመድ ለምና ጥቂት ስሞች ያዘች። አከራይዋ እማማ ሾዴ በዚህ ሰሞን ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት፣ «ኢንተርኔት ላይ መሬት ገዛሁ» አለቻቸው።

«ካርታ አለው?»

«ካርታ እንኳ የለውም። በየዓመቱ ይታደሳል።»

«እሱማ ኪራይ ነው የኔ ልጅ» አሉና ልብሳቸውን ማስጣት ቀጠሉ።

ወራት አለፉ፣ ጠያቂ አልመጣም። ከያዘቻቸው ስሞች አንዱ «ጎሚስታ አዲስ ዶት ኮም» ነበር፤ የሚሸጥ መሆኑን ከነስልክ ቁጥሯ ገጹ ላይ ለጥፋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። ከሰውየው ድምፅ በፊት የሰማችው የኮምፕሬሰር ጩኸት ነው።

«ሄሎ! የጎሚስታው ስም ያንቺ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«ደበላ እባላለሁ። አዲሱ ገበያ ጎሚስታ አለኝ። ልጄ ኪያ፣ መንገድ ላይ ጎማ የተነፈሰበት ሰው በስልኩ እኛን የሚጠራበት ድረ ገጽ ካልሠራሁልህ ብላ ይዛኛለች። ስሙን ብንፈልገው አንቺ ቀድመሽናል። ለመሆኑ ስለ ጎማ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ ምንም አላውቅም» አለች ሀሌሉያ፣ ሳታስበው እየሳቀች።

«ታዲያ ምን ልታደርጊው ያዝሽው?»

«ለእርስዎ ልሸጥልዎት ነዋ።»

ጋሽ ደበላ ከት ብለው ሳቁና ዋጋ ጠሩ። ሀሌሉያ ከጠበቀችው በላይ ነበር። እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ግን ቀደሟት። «አሁን አትመልሺልኝ፣ አስቢበት። ነገ እደውላለሁ። ምሳሽን በልተሻል? ድምፅሽ ደክሟል።»

አልበላችም ነበር። ስልኩ እንደተዘጋ ተነስታ ፓስታ ቀቀለች።

በማግሥቱ ሲደውሉ እሺ ማለት ነበረባት። ጠዋት ስትነሳም ያሰበችው ያንኑ ነበር። ግን እሺ ካለች ነገ የሚደውልላት የለም። «ትንሽ ቢጨምሩ» አለች። ሰውየው እያጉረመረሙ ጨመሩ። «አሁንም አይበቃም» አለች፣ ፊቷ በኀፍረት እየጋለ።

ክርክሩ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። ዋጋው በሁለት ቃል ያልቅና ወሬው ይቀጥላል። ባለቤታቸውን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው፣ እሳቸው በልጅነታቸው ከሱሉልታ ባዶ እጃቸውን መጥተው ጎማ በማንከባለል እንደጀመሩ፣ ኪያ ስትቆጣ ቁርጥ አያቷን እንደምትመስል አወቀች። እሷም ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻቸው። አባቷን በመልክ እንደማታውቀው፣ ሊሚን በእልልታ ሸኝታ ወደ ክፍሏ ስትመለስ ምን እንደምትሠራ ጠፍቷት ያልቆሸሸ ድስት ማጠብ እንደጀመረች።

«እግዚአብሔር ሰው አያሳጣሽ ልጄ።»

«አሜን» አለች፣ ብቻዋን በክፍሏ ውስጥ፣ ጮክ ብላ።

አንድ ቀን፣ «ለምን ወደ ሱቄ ብቅ አትዪም? ሻይ እየጠጣን እንጨርሰዋለን» አሏት።

አዲሱ ገበያ በታክሲ ሩቅ አልነበረም። ነገር ግን ከሄደች ሁሉም በአንድ ብርጭቆ ሻይ እንደሚያልቅ ታወቃት። «ሥራ በዝቶብኛል ጋሼ» አለች። ያን ቀን አንድም ሥራ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ የደወለችው ኪያ ናት።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ» አለች በፈጣን አነጋገር። «አባቴ ሰው ይወዳል። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው የልጆቹን ስም ሳይጠይቅ አይወርድም። እኔ ግን ሥራ መጀመር አለብኝ። ዛሬ ቁርጡን ንገሪኝ፤ ካልሆነ በቃ ሌላ ስም እናያለን።»

«አባትሽ መጀመሪያ በጠሩት ይሁን» አለች ሀሌሉያ።

«መጀመሪያ? ከዚያ ወዲህ ጨምሮልሽ የለም እንዴ?»

«ጨምረዋል። ግን የመጀመሪያውም ይበቃኝ ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ነበር የሚያከራክረን?»

ኪያ ግን መልስ ሳትጠብቅ የባንክ ቁጥሯን ጠየቀቻት። በዚያው ዕለት ብሩ ባንክ ገባ፤ ሀሌሉያም ስሙ ወደ እነሱ የሚዛወርበትን ኮድ ላከች። «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልእክት መጣላት።

የመጀመሪያ ሽያጯ ነበር። ደስታውን ልታካፍል ለሊሚ ደወለች። «ውይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እንግዳ አለብኝ፣ ቆይቼ ልደውልልሽ?» አለች ሊሚ። ሳትደውል ቀረች። ለእማማ ሾዴ መሬቱ ተሸጠ ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም ገዢው ምን ሊዘራበት እንደሆነ ጠየቁና፣ መልሱን ሳይሰሙ ውኃ መጣች ብለው ወደ ቧንቧው ሮጡ።

ጋሽ ደበላ አልደወሉም። ሀሌሉያ ከምሳ በኋላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ትተይባለች፤ ስልኩ ሲበራ የቴሌ መልእክት ይሆናል። ሲቸግራት ራሷ ደወለች። ኮምፕሬሰሩ እንደ ልማዱ ይጮኻል።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ሀሌሉያ ነኝ።»

«የትኛዋ ሀሌሉያ?»

«ስሙን የሸጥኩልዎት። የጎሚስታውን።»

«አንቺ ነሽ እንዴ! ይቅር በይኝ፣ ቁጥር መመዝገብ አልችልበትም። ምነው፣ ብሩ ጎደለ?»

«አይ፣ ደርሶኛል። ስሙ በደንብ ይሠራ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

«ይሠራል ይላሉ ልጆቹ። ምሳሽን በላሽ?» አሉና መልሷን ሳይጠብቁ ወደ ሌላ ሰው ዞሩ። «ጌቱ፣ ክሪኩን ወደዚህ ሳበው እንጂ! አንተስ፣ ምሳህን በላህ?» ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ። «በይ ልጄ፣ ማኪና ቆሞብኛል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሀሌሉያ አልተቀየመቻቸውም። ሰውየው አላታለሏትም። ለሰው ሁሉ የሚሰጡትን ለእሷም ሰጧት፤ ለእሷ ብቻ የተሰጠ አድርጋ የወሰደችው ራሷ ናት። ይህን ማወቋ ግን የሰፋባትን ቀን አላጠበበላትም። ኮምፒውተሩን ዘጋች፣ ጫማ ቀየረችና ወጣች።

ዊንጌት ስትደርስ ተማሪዎች የተለቀቁበት ሰዓት ነበር። ታክሲ ተራው ተጨናንቋል፤ ረዳቶቹ ይጣራሉ። አንድ ጁስ ቤት ገብታ ጥግ ላይ ተቀመጠችና አቮካዶ አዘዘች። ቤቱ በአንዴ ሞላ። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ፈገግ እያለች ወደ እሷ መጣችና ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ያዘች።

«እህት፣ ሰው አለው?»

«ኧረ የለውም» አለች ሀሌሉያ፣ ለልጅቷ ቦታ እንዲሆናት ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ላይ እያነሳች። «ተቀመጪ።»

«አመሰግናለሁ» አለች ልጅቷ። ወንበሩን አንስታ ጓደኞቿ ወደተሰበሰቡበት ጠረጴዛ ወሰደችው።

ሀሌሉያ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደያዘች ጥቂት ቆየች። አቮካዶው መጣ። በማንኪያ ቀስ እያለች፣ የተማሪዎቹን ሳቅ እየሰማች፣ እስከ መጨረሻው በላችው።