ተደጋጋሚ የተባለችው አዋላጅ

ማጉሊያ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ሰውየው ዕድሜውን በሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ የኖረ ነው። ጡረታ ሲወጣ ማይክሮስኮፑ እዚያው ቀረ፤ ማጎንበሱ ግን አብሮት ቤት ገባ። አሁን የሚያጎነብሰው መስኮቱ ሥር ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው።

ጡረተኛ እንደመሆኑ ጊዜ ሞልቶ ተርፎታል። የሚጨነቀው ግን ጊዜ ስለመቆጠብ ነው። ኢሜይሎቹ ገና ሲገቡ ራሳቸውን በየፎልደራቸው ይከታሉ። «ከአክብሮት ሰላምታ ጋር» ብሎ ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይበቃዋል። አበባዎቹ ውሃ የሚጠጡበት ሰዓት ሲደርስ ኮምፒውተሩ ይደውላል፤ ደወሉን ሰምታ ተነስታ የምታጠጣው ሚስቱ ናት።

«አየሽ፣ አውቶማቲክ ማለት ይህ ነው» ይላታል ከወንበሩ ሳይነሳ።

«አየሁ እንጂ። አውቶማቲኳ እኔ ነኝ» ትለዋለች ማጠጫውን እንደያዘች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አዋላጅ የሆነች መንታ እህት አለቻት። ሰፊዋ እህቷን በሩብ ሰዓት ትበልጣለች፤ ይህች ሩብ ሰዓት በቤተሰቡ ዘንድ እንደ አሥር ዓመት ስትቆጠር ኖራለች። መምህሩ የታናሺቱን ውጤት ለታላቂቱ ይሰጣል። ጎረቤት ታናሺቱን መንገድ ላይ አስቁሞ «ቀሚሴ አልደረሰም?» ብሎ ይቆጣታል። ማንም ሰው ከሰላምታ በፊት «አንቺ የትኛዋ ነሽ?» ይላታል። ይህን ጥያቄ ሰምታ የማታውቅበት ቦታ ቢኖር የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ነው። ምጥ የያዛት ሴት የትኛዋ ነሽ ብላ አትጠይቅም።

ያቺ አዋላጅ አሁን ጡረታ ልትወጣ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ በሽኝቱ ዕለት ከልጅነቷ ጀምሮ የተነሳቻቸውን ፎቶዎች በትልቅ ስክሪን ሊያሳዩላት አስበው ማጉሊያን ለመኑት። ሰፊዋ ይህን ስትሰማ መቀሷን አስቀምጣ ባሏ ፊት ቆመች።

«ስማኝ። እኔ የለሁበትም፣ እሺ? የእሷ ብቻ ይሁን። አንድ ቀን እንኳ ብቻዋን ትታይልኝ።»

«ምን ጣጣ አለው፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው።»

እውነት ለመናገር አንድ ቁልፍ ነበር። ማጉሊያ የቤተሰቡን አልበሞች በሙሉ ስካን አድርጎ ወደ ኮምፒውተሩ አስገብቷቸዋል። የሠራው ፕሮግራም እያንዳንዱን ፎቶ በዓመት ይሰይማል፤ ተመሳሳይ ሲያገኝ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን «ተደጋጋሚ» ወደተባለ ፎልደር ይወረውራል። ይህን ያደረገው ወዶ አይደለም። ዘመድ አዝማድ ሁሉ አንዱን ኬክ በየስልኩ አንስቶ፣ ሁሉም ደግሞ ለእሱ ስለሚልክለት ነው።

እናም የአዋላጇን የመታወቂያ ፎቶ ለፕሮግራሙ አሳየና «ይህችን ፈልግ» አለው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አንዲት ሕፃን አድጋ፣ ኮረዳ ሆና፣ ሸብታ በስክሪኑ ላይ ተደረደረች። ማጉሊያ እጁን አፋተገ።

በሽኝቱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አዋላጇ ራሷ መጣች። ነገሩን ቀድማ ሰምታለች፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሚስጥር አይቆይም። ቦርሳዋን ሳታወርድ ከኋላው ቆመች።

«እስቲ አሳየኝ ጋሼ፣ ልጅነቴን ልየው።»

አሳያት። አንዱን ፎቶ አየች። ሁለተኛውን አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይቺ እኮ እኔ አይደለሁም» አለች።

«የቷ?»

«ሁሏም። ሁሉም እሷ ናት።»

ሰፊዋ ክር በጥርሷ እንደያዘች ሮጣ መጣች። አየች፤ ክሩን ተፋች። «አንተ ሰውዬ! ነገሩ እኔን መደበቅ አልነበር? ይኸው ከጡጦዬ ጀምረህ አሰጣኸኝ!»

የሆነው እንዲህ ነው። የመንትዮቹ እናት «ለልጆቼ ግማሽ ግማሽ ፎቶ አላነሳም» የሚል ጥብቅ አቋም ነበራቸው። ስለዚህ በየልደታቸው ሁለቱ በተራ ይነሳሉ፤ አንዷ ከወንበሩ ስትነሳ ሌላዋ ትቀመጣለች። ወንበሩ አንድ፣ ግድግዳው አንድ፣ ቀሚሱም ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነው። እናትየው ካረፉም በኋላ እህትማማቾቹ ልማዱን አልተዉትም። በዚህም የተነሳ አልበሙ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ኖረ። ፕሮግራሙ አንድ ዓይነት ወንበር፣ አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ አንድ ዓይነት ፊት ሲያይ ኬኩን ባየበት ዓይን አየው፤ አንዷን አስቀረ፣ አንዷን ወረወረ።

«ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን የሲስተሙ ነው» አለ ማጉሊያ።

«ሲስተሙን ማን ወለደው?» አለች ሰፊዋ።

አዋላጇ ግን አልሳቀችም። «ሰው ሲሳሳት ለምጄዋለሁ» አለች። «ሰው ይረሳል፣ ይቸኩላል እላለሁ። ይሄ ግን ማሽን ነው። አስቦ፣ አስልቶ ትርፍ ነሽ አለኝ።» ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ አስተካከለች። «ተዉት በቃ። ያለ ፎቶም ይሸኙኛል።»

«ቆይ! አልጠፋም እኮ፤ የላቦራቶሪ ሰው ውጤቱ ሳይፈረምበት ናሙና አይጥልም» አለና ማጉሊያ ወደ ኪቦርዱ ዞረ። «ፕሮግራሙን አሁኑኑ አስተምረዋለሁ።»

ፕሮግራሙ ለመማር ፈቃደኛ ነበር። ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አመጣና ጠየቀ፦ እነዚህ አንድ ሰው ናቸው? ማጉሊያ አጎነበሰ። ጆሮውን አጎላ። ቅንድቡን አጎላ። የአገጩን ጥግ ለካ። ባክቴሪያን ከባክቴሪያ በቀለሙ ብቻ የሚለይ ሰው ግንባሩ በላብ ወረዛ። በመጨረሻ ማውሱን ቀስ አድርጎ ወሰደና «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚለውን ተጫነ።

«ምን አልክ?» የሚል ድምፅ ከትከሻው በላይ ተሰማ።

«ልጆች ሳላችሁ ነዋ… ልጅ ደግሞ ፊቱ ገና አልጸናም…»

«የምን ልጅ! ይሄ የተጋባን ዓመት ነው!»

አዋላጇ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ተመልሳ መጣች። «ጋሼ፣ የትኛዋን ነው ያገባኸው?» አለችና ከዚያ በኋላ ሳቋን መያዝ አቃታት። ሰፊዋ ልትቆጣ ጀምራ እሷም ተሸነፈች። ማጉሊያ ብቻ ስክሪኑን ማየቱን ቀጠለ።

«በል ተነስ» አለችው ሚስቱ። «ያንን የቆሻሻ መጣያህን ክፈትና እኛ በዓይናችን እንፈልጋለን።»

ከፈተላቸው። መጀመሪያ ኬኩ መጣ፤ ከዚያ የሰው አውራ ጣት፤ ከዚያ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ምንጣፍ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ጠማማ የተቀመጠች ልጅ መጣች፤ ራሷን ወደ አንድ ነገር እያዞረች ስለነበር አፍንጫዋ ሁለት ሆኗል።

«እኔ ነኝ!» አለች አዋላጇ። «ድመቷ ገብታ ነው።»

ቀጣዩ፦ እጇ በአየር ላይ እንደ ጭስ ተንኗል። «ይሄም እኔ! ዝንብ።» ቀጣዩ፦ እየሳቀች ወንበሩ ሊወድቅ ሲል። ቀጣዩ፦ ለፎቶ አንሺው የሆነ ነገር እየተናገረች፣ ምናልባትም ሥራውን እያስተማረችው።

ማጉሊያ ብድግ አለ። ነገሩ አሁን ነው የገባው። ከሁለት ተመሳሳይ ፎቶዎች ጥርት ያለውን አስቀር ብሎ ያዘዘው ራሱ ነው። ሰፊዋ እናቷ እንዳሏት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ይዛ ትነሳለች። አዋላጇ ግን በሕይወቷ አንድም ቀን አርፋ ተነስታ አታውቅም። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድም ጊዜ ሳይስት እሷን ነው የወረወረው። ሰው ሁሉ ሲያምታታው የኖረውን ነገር ይህ ማሽን ሳያውቀው ለያይቶ፣ አንደኛዋን እዚህ ሌላኛዋን እዚያ አስቀምጦታል። ማጉሊያ ልዩነቱን የፈለገው ጆሮና ቅንድብ ላይ ነበር፤ ልዩነቱ ግን መንቀሳቀሷ ላይ ነበር።

ይህን በሥርዓት ሊያብራራላቸው ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሰማው አልነበረም። እህትማማቾቹ በአንድ ወንበር ተጣብበው ተቀምጠው ድመቷ የማን እንደነበረች እየተጨቃጨቁ ነው።

«እስከ ነገ ድረስ ብዥታቸውን አጠራቸዋለሁ» አለ። «ለዚህ የሚሆን ጥሩ ሶፍትዌር…»

«እንዳትነካብኝ ጋሼ!» አለች አዋላጇ። «እንዳሉ ይሂዱ።»

እንዳሉ ሄዱ። በማግስቱ በጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ስክሪኑ ላይ የወጣው ሁሉ የተንቀጠቀጠ፣ የዞረ፣ ግማሹ ከፍሬሙ የወጣ ነበር። አንድ የኬክ ፎቶም ሾልኮ ገብቶ ተጨበጨበለት። ነርሶቹ ግን በአንዱም ላይ አልተቸገሩም። «ይኸው ስትሮጥ!» «ይኸው ስትቆጣ!» እያሉ ገና አራት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ዛሬ ጠዋት በኮሪደሩ ስታልፍ እንዳዩዋት ሁሉ አወቋት። አዋላጇ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ ተቀምጣ ከተባለ። በየፎቶው ትነሳለች፣ ወደ ኋላ ዞራ ታብራራለች፣ የጎረቤቷን ብርጭቆ ትደፋለች።

ሰፊዋ በመጨረሻው ረድፍ ከባሏ ጎን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አንዲት አዲስ ነርስ ጎንበስ ብላ በትህትና ጠየቀቻት።

«ይቅርታ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

ሰፊዋ በዕድሜዋ «የትኛዋ ነሽ?» እንጂ እንዲህ ተብላ አታውቅም።

«እህቷ ነኝ» አለች። ከዚያም ወደ ባሏ ዞር ብላ በሹክሹክታ «አንተ ግን አሁንም እርግጠኛ አይደለህም» አለችው።