ያልታየ ጠርዝ

አባቴ ስለ ሳንቲም ሲያወራ መቀመጥ አይሆንለትም። ይነሳል፣ መነጽሩን ይወለውላል፣ መስኮቱን ከፍቶ መልሶ ይዘጋል። እኔም ከእሱ ወርሼ መሰለኝ፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ እግሬ አላርፍ ይላል። ያን ዕለት ፎቶ ቤቴ ውስጥ ከካሜራው እስከ በሩ ስመላለስ የዋልኩት ግን የዘር ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይደለም። የአባቴን ንጉሥ ከክፈፉ አውጥቼ ጠርዙን ስላየሁት ነው።

ንጉሡ የምንለው አባቴ ከሰበሰባቸው የጥንት ሳንቲሞች ሁሉ አብልጦ የሚወደውን የብር ሳንቲም ነው። ዘውድ የደፋ ሰው የጎን ፊት አለበት፤ ከአገጩ በታች ደግሞ ጭረት አለ፣ ምናልባት ከመሬት ያወጣው ሰው በዶማ ነክቶት ይሆናል። መሰብሰብን ያስተማሩት ሽማግሌ ሐኪም ናቸው ከመሞታቸው በፊት የሰጡት፣ በመስታወትና በነሐስ ቀለበት ከታሰረ ክፈፍ ጋር። አባቴ ያንን ክፈፍ ከፍቶት አያውቅም።

የሚያስቀው ነገር፣ የሌላ ሰው ሳንቲም እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ጠርዙን ነው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ፎርጅድ፣ የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጭን መስመር ጠርዙ ላይ ይቀርበታል። በመዶሻ የተመታ እውነተኛ ሳንቲም ግን መስመር የለውም፤ ይልቁንስ ጠርዙ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ይላል። ይህን ገና ፊደል ሳልጨርስ ያስጠናኝ እሱ ነው። የራሱ ንጉሥ ጠርዝ ግን ያን ሁሉ ዘመን በነሐሱ ቀለበት እንደተሸፈነ ኖሯል።

አባቴ ንጉሡን፣ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበሩ ለሚያሳትመው መጽሐፍ ፎቶ አንሺው ብሎ ሰጠኝ። መስታወቱ እያንጸባረቀ ስላስቸገረኝ ክፈፉን ፈታሁት። በማጉያው ሌንስ ሳየው መስመሩ ጠርዙ ላይ አለ። አንድ ሰው በሞረድ ሊያጠፋው ሞክሮ፣ ሰልችቶት መሰለኝ፣ ግማሹን ትቶታል።

ነገሩ በሳንቲሙ ብቻ ቢያበቃ አባቴ ጥቂት ቀን ተክዞ ይረሳው ነበር። ችግሩ አጎቴ ነው። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የጥርስ ሐኪም፣ በሽተኛ አፉን ከፍቶ መሳቅ በማይችልበት ሰዓት የሚያስቅ ተረበኛ ነው። ከዓመታት በፊት የዚሁኑ ንጉሥ ሳንቲም አግኝቶ በደስታ እየሮጠ ወደ ማኅበሩ አመጣው። አባቴ ተቀበለው፤ ከአገጩ በታች ያችኑ ጭረት ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሁለት ሳንቲሞች በአንድ ማህተም ሊመቱ ይችላሉ፤ በኋላ የደረሰ ጠባሳ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚያገኘው። ጠባሳው ሁለቱም ላይ ካለ አንዱ ከሌላው የተቀዳ ነው ማለት ነው። አባቴ እዚያ ላይ ቆመ፤ እንደ ልማዱ ጠርዙን እንኳ አላየም። የትኛው ከየትኛው እንደተቀዳ አልጠየቀም። የእሱ እውነተኛ ስለሆነ የወንድሙ ፎርጅድ ነው፣ አለቀ።

ደግሞ ፎርጅድ የሚለውን ቃል ከአፉ አያወጣም። ልማዱ ሳንቲሙን በጠረጴዛው ዙሪያ ማስዞር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው እንከኑን እስኪያገኝ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ያን ቀን ሁሉም አገኙ። አንዱ ቀለሙ አላማረኝም አለ፣ ሌላው ፊደሉ ደክሟል አለ፣ ሌላዋ ቀለለብኝ አለች። አጎቴ ሳንቲሙን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ የሚገናኙት ቀብር ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ራቅ ራቅ ብለው ይቆማሉ።

እንግዲህ ያየሁትን ብነግረው የአባቴ ቅስም ይሰበራል፤ ባልነግረው ያለ ወንድሙ ያረጃል። ተናደድኩ፤ በእሱም፣ በሟቹ ሐኪምም፣ ክፈፉን በፈታው በገዛ ጣቴም።

ነገርኩት። መጀመሪያ ሌንስሽ ነው አለኝ። ቀጥሎ መብራትሽ ነው አለ። ከዚያ ፎቶ አንሺ ስለ ሳንቲም ምን ታውቃለች ሲል፣ የማውቀውን ያስተማርከኝ አንተ ነህ አልኩት። ፋርማሲስት በነበረበት ዘመን ይጠቀምባት የነበረችውን ሚዛን አወጣ። መዘነ፣ ሚዛኗን ወለወለ፣ እንደገና መዘነ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ፤ ጥፍሩ መስመሩ ላይ ሲያዝ ከኔ ፊቱን አዞረ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ እረፍት ጠፋ። ሻይ ያፈላና ሳይጠጣው ይረሳዋል። ስልኩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ጫማውን አድርጎ እስከ በር ይሄድና የሚወጣበት ጉዳይ እንደጠፋበት ሰው ይመለሳል። ሂድና ንገረው ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እኔም ትዕግሥቴ አልቆ፣ ወይ አንተ ትነግረዋለህ ወይ እኔ እነግረዋለሁ አልኩት።

«ቅዳሜ ማኅበሩ ይሰበሰባል» አለኝ። «አጎትሽን አምጪው።»

«ለምን ብቻውን አታናግረውም?»

«ያዋረድኩት ብቻውን አይደለም።»

ወደ አጎቴ ክሊኒክ ሄድኩ። አባቴ ማኅበሩ ላይ እንዲገኝለት እንደሚፈልግ ስነግረው፣ ደግሞ ዛሬ እኔኑ ሊያስዞረኝ ነው ብሎ ቀለደ። ምክንያቱን እንዳልነግረው አባቴ አስምሎኛል፤ እንቅልፍ ካጣ ሰነበተ ብቻ አልኩት። አጎቴ ቀልዱ ጠፋበት። ጓንቱን አወለቀ፣ አየው፣ መልሶ አጠለቀው። እመጣለሁም አልመጣምም ሳይል ሸኘኝ።

ማኅበሩ የሚሰበሰበው ከአንድ መጻሕፍት መደብር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ቅዳሜ አባቴ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከወንበሩ ብድግ ይላል። አጎቴ አርፍዶ ገባና የመኪናውን ቁልፍ በእጁ እንደጨበጠ ከሁሉም መጨረሻ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አባቴ ንጉሡን ያለ ክፈፉ ከኪሱ አወጣ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አጠገቡ ለነበሩት ሊቀመንበር አቀበለ።

ሊቀመንበሩ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ደግነው፣ እንዲህ ያለ ብር ዛሬ የት ይገኛል አሉ። ጡረተኛው መሐንዲስ ፊደሉ ትናንት የተመታ ይመስላል ብሎ አደነቀ። ያን ጊዜ ቀለለብኝ ያለችው ሴት በመዳፏ ከፍ ዝቅ አድርጋ መዝና፣ ክብደቱ ራሱ ደስ ይላል አለች። እኔ ግድግዳውን እንደተደገፍኩ ደሜ ፈላ። ጠርዙን ገልበጥ አድርጎ ያየ የለም፤ ካየም አልደፈረም። የአጎቴን ሳንቲም እንከን ለማውጣት የተሽቀዳደሙት እነዚሁ ናቸው። ለካ ያን ቀን ያዩት ሳንቲሙን ሳይሆን የአባቴን ፊት ኖሯል። ይህ ለአባቴም የገባው ያኔ ይመስለኛል፤ አንዱ ባደነቀ ቁጥር አንገቱን ይበልጥ ይደፋል።

ሳንቲሙ አጎቴ ዘንድ ደረሰ። ገለበጠው፣ ጠርዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ።

«ፎርጅድ ነው» አለ።

ሊቀመንበሩ ሊቆጡ ሲነሱ አባቴ በእጁ አስቆማቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለው ወንድሙን። «የኔው ነው ካንተ የተቀዳው። ያን ቀን ጠባሳውን አየሁና ጠርዙን ሳላይ ፈረድኩብህ፣ እዚሁ፣ በነዚሁ ሰዎች ፊት። አጥፍቻለሁ።» «ያንተስ የት ነው?»

አጎቴ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እውነተኛው ንጉሥ ከመኪናውና ከክሊኒኩ ቁልፎች ጋር ታስሯል፤ ከዘውዱ በላይ ተበስቶ ቀለበት ገብቶበታል። አባቴ ጠርዙን አየ፤ ስንጥቆቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ከዚያ ጣቱን ቀዳዳው ላይ አኖረ።

«በሳኸው?»

«ፎርጅድ ምን ይደረጋል? በጥርስ መሰርሰሪያ በሳሁት።» ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ አጎቴ አልሳቀም። «አዲስ ብር ሲበሳ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወጣል። ይሄ ግን እንዳረጀ ጥርስ ፈረፈረ። ያኔ እውነተኛ መሆኑን አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ?»

አባቴ ሳንቲሙን ከነቁልፎቹ ወደ ወንድሙ ገፋለት።

ስንወጣ ዝናብ ስለነበር አጎቴ ላድርሳችሁ አለ። አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። በየኩርባው ንጉሡ ከመሪው ሥር እየተወዛወዘ ከቁልፎቹ ጋር ይጋጫል። አባቴ ጥቂት ቻለ፤ ከዚያ እጁን ሰድዶ ሳንቲሙን በመዳፉ ውስጥ ሸሸገው። አጎቴ፣ እስከ ዛሬ ሲጋጭ የኖረ ነው፣ ምንም አይሆን አለው። አባቴ ግን አልለቀቀም፤ እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ ቤታችን በር ደረስን።

አጎቴ ቁልፉን ሊያዞር ሲል የአባቴ እጅ አላስነካ አለው።

«ልቀቀው እንጂ ጋሼ» አለ። ጋሼ ሲለው ከሰማሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። «ሞተሩን ላጥፋ።»

«ትገባለህ?» አለው አባቴ።

«ታዲያ ለምን አጠፋለሁ?»

አባቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ።