የሦስት ሜትርና የአምስት ሜትር ሽምግልና

«ልጅሽ በጉድጓዶቹ መካከል ስንት ሜትር ይሁን ነው የምትለው?»

ፀሐይወርቅን ይህን የጠየቋት ለሽምግልና የለመነቻቸው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ናቸው። እሷ የምታውቀው፣ ልጇ ሔራን መሸንቲ አጠገብ ባለ የድንጋይ ማውጫ ካባ ድማሚት የሚቀበርባቸውን ጉድጓዶች እንደምትቀይስና በዚሁ ጉዳይ ከአለቃዋ ከአቶ ክንዱ ጋር እንደተኳረፈች ብቻ ነበር። «እሳቸው እንዳሉት ከተቆፈረ ድንጋዩ ይበርራል፤ ሥራውን ትቼ እሄዳለሁ» ብላለች። ብትሄድ ከእናቷ ቤት፣ ከግሽ አባይ፣ ትርቃለች፤ ብትቀር ድንጋዩ ያገኛታል። ፀሐይወርቅ ጨነቃትና እንደ ጋብቻ ወግ ወደ አቶ ክንዱ ሦስት ሽማግሌ ላከች።

አቶ ክንዱ ሽማግሌ አክባሪ ናቸው። «አምስት አምስት ሜትር ይራራቅ» አሉ። «የጉድጓዱ ቁጥር ያንሳል፤ ድማሚቱን ጠቅጠቅ እናደርገዋለን።»

«ሦስት ሦስት ሜትር ይሁን» አለች ሔራን። «በየጉድጓዱ ጥቂት ጥቂት ከተደረገና ተራ በተራ ከፈነዳ፣ ድንጋዩ እዚያው ይናዳል እንጂ አይበርርም።»

ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው ተመካከሩ። «ሁለታችሁም ልጆቻችን ናችሁ» አሉ መሪጌታ። «ተራራውን እኩል ተካፈሉት።»

«የኔታ፣ ድንጋይ እኮ ነው» አለች ሔራን።

«ስንቱን የእርሻ ድንበር ያካፈልን ሰዎች ነን።»

ገመድ ተወጠረ። ግራው የሔራን፣ ቀኙ የአቶ ክንዱ ሆነ።

በፍንዳታው ቀን አቶ ክንዱ ለሽማግሌዎቹ ወንበር አስደረደሩ፤ ለመሪጌታም ትራስ አስደረጉ። ፀሐይወርቅ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው። መንገድ ዳር የተተከለውን ሰሌዳ በጣቷ እየተከተለች አነበበች፤ «ከዚህ ማለፍ ክልክል ነው።» ወንበሮቹ ያሉት ከሰሌዳው ወዲያ፣ በካባው በኩል ነው።

«ይቺ ሴት ማንበብ ከጀመረች ወዲህ አረፍ ብሎ የተቀመጠ ሰው የለም» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ አቶ ወልደ ሐዋርያት።

እሷ ትራሱን አንሥታ ወደ ኋላ ሄደች። መሪጌታ ትራሳቸውን ተከተሉ፤ ሌሎቹ መሪጌታን ተከተሉ።

የሔራን ግማሽ ድም ድም ብሎ እንደ እህል ክምር ተንዶ ተኛ። የአቶ ክንዱ ግማሽ ግን አገሩን አናወጠው፤ በሬ የሚያህል ቋጥኝ በአየር መጥቶ የመሪጌታ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«የእኔው ራቅ ብሎ ሄዷል» አሉ አቶ ክንዱ፣ አቧራቸውን እያራገፉ።

ሽማግሌዎቹ እንደገና ተመካከሩ። «ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን» አሉ መሪጌታ። «እንግዲህ አንዳችሁም ቅር እንዳይላችሁ፣ አራት ሜትር ይሁን።»

አቶ ክንዱ የመሪጌታን ጉልበት ሳሙ። ሔራን የራስ ቁሯን አውልቃ እናቷን አየቻት።

«ሦስት ነው» አለች ፀሐይወርቅ።

«ሽማግሌ የላክሽ አንቺ ነሽ» አሉ አቶ ወልደ ሐዋርያት። «አሁን ቃላችንን ልትነቅፊ ነው?»

«ሦስት ነው አልሁ» አለች ደግማ። አቶ ክንዱ ግን ሌላ ሠራተኛ ጠርተው አራት ሜትር ያስለኩ ነበር።

ሔራን በሳምንቱ ማክሰኝት ወዳለ ካባ፣ ሦስት ሜትር ወደሚቆፈርበት፣ ሄደች። ፀሐይወርቅ፣ አቶ ክንዱ፣ ሦስቱ ሽማግሌዎችና ቋጥኙ ቀሩ።