ዝንብ የማያርፍበት ቀለም

ሜሪሺ የሜዳ አህያ የተዥጎረጎረው ከአንበሳ ዓይን እንዲሰወር ነው ብሎ ሲያምን ኖሯል፤ ልጁንም ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ስለዚህ በዚያ ረፋድ ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ በረቱ ሲገባ፣ ምራቱ ሬሲያቶ በጥቁሯ ላም በናሮክ ቀኝ ጎን ላይ በነጭ አፈር መስመር ስታሰምር ቢያገኛት፣ ሐዘን አእምሮዋን ያናወጠው መሰለው።

"ፓሼ! ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየቀባኋት ነው፣ ፓሼ።" ቀና ብላ አላየችውም። ሕፃኑን በጀርባዋ እንዳዘለች ጣቶቿን በቅሉ ውስጥ ነከረችና ከላሟ ጀርባ እስከ ሆዷ አንድ ወፍራም መስመር ሳበች።

አማትና ምራት በአንድ ስም መጠራራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሬሲያቶ ሙሽራ ሆና በመጣች ጊዜ፣ በማሳይ ወግ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች፤ ሜሪሺ ከመንጋው አንዲት ጥቁር ጊደር መርጦ ሰጣትና ገባች። ጊደር የሰጠና ጊደር የተቀበለ ከዚያ ወዲያ በየስማቸው አይጠራሩም፤ ሁለቱም ፓሼ ናቸው። ያቺ ጊደር ናሮክ ነበረች። የሜሪሺ ልጅ በወባ ከሞተ ወዲህ ሬሲያቶን ከዚህ ቤት ጋር ያሰራት ክር ይህች ላምና ወተቷን የሚጠጣው ሕፃን ብቻ ነበሩ።

አሁን ክሩ ሊበጠስ ተቃርቧል። ድርቁ የከፍታውን ሣር ስለላጨው መንጋው ወንዝ ዳር ወዳለው ጫካ ወርዷል፤ በጫካው ደግሞ ደም እየመጠጠ ከብት የሚያሳምመው የገንዲ ዝንብ ነግሦበታል። ከከብቱ ሁሉ አብልጦ ጥቁሯን ወረራት። ናሮክ መጋጡን ትታ መራገጥ ሆነ ሥራዋ፤ ከሳች፣ ወተቷም እየነጠፈ ሄደ። ሜሪሺ ሳትወድቅ ለሥጋ ነጋዴ ሊሸጣት ቆርጧል፤ ሰውየውም ከወንዙ ማዶ እየጠበቀው ነው።

"ይህ እኮ የተገረዙ ልጆች የሚቀቡት አፈር ነው!" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ላሚቱን ልትገርዣት ነው?"

"ከተሸጠች መች ቢላ ይቀርላታል?"

"ጎረቤት ቢያያት፣ የሜሪሺ ላም የሜዳ አህያ አገባች ብሎ ይዘፍንብኛል።"

"ይዝፈና! በዘፈን የሞተች ላም የለችም።" እጇን በልብሷ ጠረገች። "ፓሼ፣ ውኃ ልቀዳ ስወርድ ሁልጊዜ አያለሁ። የሜዳ አህዮቹ ከከብቶቻችን ጋር ተቀላቅለው ነው የሚጠጡት። በሬው በዝንብ ተወጥሮ ሲደናበር እነሱ ቆመው ያንቀላፋሉ። ዝንብ ሸፍኗቸው አይተው ያውቃሉ?"

ሽማግሌው ገመዱን ከትከሻው አውርዶ በላሟ አንገት አሰረ። ስንቱን መንጋ፣ ስንቱን ክረምትና በጋ በዓይኑ አሳልፏል፤ ይህን ግን ልብ ብሎት አያውቅም።

"ነጋዴው እየጠበቀ ነው" አለ በመጨረሻ። "ተይ በቃ።"

"ግራ ጎኗን አልጨረስኩም።"

"በቃ አልኩ!"

"እሺ። መንገድዎ በጫካው አይደል? እዚያ አንዴ ይቁሙልኝ። ዝንቡ እንደ ወትሮው ከወረራት፣ ገመዱን እኔው ይዤ አሻግራታለሁ።"

ሬሲያቶ ቅሉን ይዛ ተከተለችው፤ ጫካው መሐል ሲደርሱ ቆሙ። በዛፎቹ ጥላ ሥር አየሩ ራሱ የሚነዝር ይመስላል። ዝንቦቹ ወዲያው መጡና ገና ጥቁር በሆነው የናሮክ ግራ ጎን ላይ እንደ ፈሰሰ ማሽላ ተበተኑ፤ ቆዳዋ ተርገበገበ። ሜሪሺ "አላልኩሽም?" ሊል ቃጥቶት በስተቀኝ ዞረ።

በቀኝ በኩልም ዝንቦቹ ይመጡ ነበር። በሙሉ ፍጥነት ይመጡና መስመሮቹ ዘንድ ሲደርሱ፣ ማረፊያው የተሰወረባቸው ይመስል፣ ገሚሶቹ አልፈው ይበራሉ፤ ገሚሶቹ ከቆዳዋ ተላትመው ይመለሳሉ። ማረፍ የሆነላቸው ጥቂቶች ነበሩ። አንዲቷ ላም በአንድ ወገን ትታመሳለች፣ በሌላው ወገን ጸጥ ብላለች።

ሜሪሺ ቀና ሲል ወንዙ ዳር የሜዳ አህዮች ቆመዋል፤ አንገት ለአንገት ተደራርበው፣ በፀሐዩ ተዘናግተው። እነሱን ሲያይ ያረጀው ሰው ገና ዛሬ እንዳያቸው ፈዝዞ ቀረ። ያ በአንበሳ ላይ የተዘረጋ መጋረጃ ሲለው የኖረው ታላቅ ሥዕል ከጥፍር ለማይበልጥ ጠላት የተሣለ ኖሯል! ፈጣሪ ይህን ሁሉ ጥበብ ለአንዲት ዝንብ መከላከያ አፍስሶ፣ በየማለዳው ዓይኑ ሥር ሲያስግጠው ኖሯል። ሜሪሺ ልጁን ከአንበሳ የሚጠበቅበትን ብልሃት አንድ ሳያስቀር አስተምሮታል፤ የገደለችው ግን የወባ ትንኝ ናት።

"ፓሼ" አለች ሬሲያቶ ቀስ ብላ። "ነጋዴው ማዶ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ ነው።"

"ያወዛውዝ። ዝንብ እያባረረ ይሆናል።"

ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። እሱ ግን ዓይኑን ከመስመሮቹ አልነቀለም።

"ዝናብ ሲመጣ ይታጠባል እኮ" አለ።

"ዝናብ ከመጣማ ሣሩ ያቆጠቁጣል፤ ወደ ከፍታው እንመለሳለን።"

"የተረፈሽ አፈር አለ?"

"አለ፤ ግን ደርቋል።"

ሜሪሺ ገመዱን ከላሟ አንገት ፈትቶ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው። ቅሉን ከምራቱ ተቀብሎ ከወንዙ ውኃ ጨመረበት። ልጁ ከተገረዘበት ቀን ወዲህ ነክቶት በማያውቀው ነጭ አፈር ውስጥ ጣቶቹን ነከረና የናሮክን ግራ ጎን ቀባ።