ስምንተኛው አያት

በድሪ ስድስተኛው አያቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ሰለለ። ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ነበር የሚቆጥረው። ባለፈው ወር የልጁ የሳብሪና ኒካህ ቀን ሲቆረጥ፣ ሁለቱም ወገን ሰባት ሰባት ትውልድ ቆጥረው ዝምድና እንደሌላቸው ተረጋግጦ ነበር። ታዲያ ኒካሁ አራት ቀን ሲቀረው የወንዱ ሽማግሌዎች እንደገና ምን አመጣቸው? ያውም ጫት ሳይዙ! ጭሮ ውስጥ ሽማግሌ ባዶ እጁን ከመጣ ለደግ አይደለም፤ በድሪ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የቀረበላቸውን ሻይ አንዳቸውም አልነኩም።

"ጨርስ እንጂ በድሪ፤" አሉ የሙሽራው የአክረም አጎት ኦቦ ጅብሪል።

"ስድስት ሮባ፣ ሰባት ዋቆ። ያን ጊዜም ይኸው ነበር።"

"ከዋቆ ወዲያስ?"

"ከሰባት በላይ መቁጠር ደግሞ መቼ ተጀመረ?"

"ልጅህ ነቻ የጀመረችው!"

የፈራው ደረሰ። ሳብሪና የባዮሎጂ መምህርት ናት። ጀርመን የሚማረው ወንድሟ ለዕረፍት መጥቶ ሲመለስ ምራቋን በብልቃጥ ይዞ ሄዶ አስመረመረላት። ውጤቱ ሲመጣ፣ አይ የእሷ ነገር፣ ለተማሪዎቿ ነገረቻቸው። ከዘረ መሏ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው ከኒያንደርታል የመጣ ነው፤ በጥንት ዘመን ኖረው ከጠፉ፣ ከእኛ ለየት ካሉ ሰዎች። ወሬው ከክፍል ወጥቶ ገበያ ሲደርስ "የበድሪ ልጅ ዘሯ ሰው አይደለም" ሆነ። ትናንት ደግሞ የግቢያቸው በር ላይ አንዱ በከሰል ጭራ ያለው ሰው ሥሎባቸው ሄደ።

"እነሱም ሰዎች ነበሩ፤" አለች ሳብሪና ከመጋረጃው ጀርባ። "ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም። እርስዎም ሊኖርብዎ ይችላል።"

"አስተግፊሩላህ!" ኦቦ ጅብሪል ከዘራቸውን ጨበጡ። ከዚያ ወደ በድሪ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በድሪን ከቁጣቸው ይልቅ ይህ ዝቅ ያለ ድምፅ አስፈራው።

"ስማኝ ወንድሜ። አክረም ይወዳታል፤ እኛም ማፍረስ አንፈልግም። እናቷ ሞሚና፣ አላህ ይዘንላትና፣ ከሩቅ አገር በሥራ የመጣች ናት። ዘሯን ማን ያውቃል? ዘር የሚቆጠረው ደግሞ በአባት ነው። 'ነገሩ ከእናቷ ነው፤ የእኔ ወገን ንጹሕ ነው' በለን። ይቺን ብቻ። ዱኣ አድርገን ሐሙስ ኒካሁ ይታሰራል።"

አንዲት ቃል። ሞሚና እንደሆነች ከሞተች ስድስት ዓመቷ፤ አትሰማ፣ አትቀየም። በድሪ አፉን ከፈተ። ግን ሞሚና አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ከመቻራ እስከ ቦኬ ስንቱን ተቀብላለች። ይኸው አክረም ራሱ የተወለደው በእጇ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ልጁ ትንፋሿን ይዛ እንደምትጠብቅ ታወቀው። በድሪ አፈረ።

ሰባት ጣቶቹ እንደታጠፉ ናቸው። ስምንተኛውን አጠፈ።

"ስምንት፣ ኒያንደርታል፤" አለ። "በእኔ በኩል ነው።"