ተፈትቷል

እታለም ዓይኗን ያጣችው በልጅነቷ ነው፤ በመተየብ ግን የሚቀድማት የለም። በአንድ ጆሮዋ የተቀዳ ስብሰባ ታዳምጣለች፤ በሌላው ኮምፒውተሩ የጻፈችውን ያነብላታል፣ «አራት ነጥብ» ሳይቀር። ይህን አንባቢ ፕሮግራም፣ ኮምፒውተሩን ከሚያሠራው ሥርዓት ጋር፣ የጫንኩላት እኔ ነኝ። በነጻ የሚታደል ነው፤ ፈቃደኞች በየአገሩ ሆነው ይሠሩታል፤ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣሉ።

ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤቷ የመዝገብ ፕሮግራሙን ቀየረና ከአሮጌው እትም ጋር አልሠራም አለ። አዲሱን ጫንኩ። አንባቢው እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ የእኛ ፊደል ጋ ሲደርስ ጭጭ።

ለሠሪዎቹ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፍኩላቸው። በአራተኛው ቀን ከደብዳቤዬ ራስጌ አንድ ቃል ተለጥፎ አገኘሁ፤ ተፈትቷል ይላል። ከሥሩ ያለውን ሳላነብ ሮጥኩ።

«እታለም፣ ተፈትቷል!»

እሷም ደስ ብሏት ለክፍሉ ኃላፊ «ሰኞ እጀምራለሁ» አለችው። ማታ ቀሪውን አነበብኩ።

«ታዲያ ከተፈታ የት አለ?» አለች።

«ከሚቀጥለው እትም ጋር ነው የሚወጣው።»

«መቼ?»

«ከአምስት ወር በኋላ።»

ሳቀች። «አንተ ህልመኛ! እስረኛውን ፈትተው በሩን አምስት ወር ይቆልፉበታል?»

ጥገናውን ከሠሪዎቹ ገጽ ላይ አይቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ የኮድ መስመር ብቻ ነው። ሩቅ ነው እንዳልል ፊት ለፊቴ ነው፤ ልውሰደው እንዳልል አያያዙን አላውቅበትም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ የተማርኩት በመነካካት ነው። ሦስት ቀን ነካካሁት፤ ጭራሽ ማሽኑ አልነሳም አለ። እንደነበረ መልሼ ተውኩት።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። «እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሻለሁ፣ እህቴ። ከዚያ ወዲያ ግን ሥራው ሰው ይፈልጋል» አላት። እኔ በየማለዳው የሠሪዎቹን ገጽ እከፍታለሁ። ቀኑ አይቀርብም፤ እዚያ የሚቸኩል የለም፣ የሚቸኩልበትም ምክንያት የለም።

በወሩ የመጨረሻ ቀን ልወስዳት ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ የጆሮ ማዳመጫው ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ና አንብብልኝ፤ ስህተት እንዳይኖረው» አለችና ወደ ስክሪኑ ዞር አደረገችኝ።

የርክክብ ደብዳቤ ነበር። አንድ ፊደል አልተሳሳተችም።

«የተረከብኩትን ኮምፒውተርና ወንበር በዛሬው ዕለት አስረክቤአለሁ» ብዬ አነበብኩላት።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ነጥቡስ? አልመታሁትም እንዴ?»

«መትተሽዋል፣ እታለም» አልኳት። «አራት ነጥብ።»