አንዲት ቀጭን ነፋስ

«ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?» አለች ይዘንጋሽ፣ የጓዳው በር ላይ ቆማ።

ወዳጆ የመበየጃ ካውያውን አላስቀመጠም። የስታኞዋ ሽቦ ቀልጣ እንደ ውሃ ጠብታ አበራች፤ ከዚያ ደበዘዘች። ጠረጴዛው ላይ አሮጌው ፕሪአምፕሊፋየር ክዳኑ ተነሥቶ ተቀምጧል። ሚስቱ ወለተኪዳን ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው።

ይዘንጋሽ የሟች ታናሽ እኅት ናት። ድንኳን ውስጥ ሰው ሐዘንተኛው የት ገባ እያለ መጠየቅ እንደ ጀመረ፣ የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ መሳፍንትም «በሐዘን ቤት ሊያዘፍን ነው እንዴ?» ብለው ማንሾካሾካቸውን ነገረችው። የሰማው ግማሹን ነው። ቀኖቹ ተቀላቅለውበታል፤ ለቅሶውም ማጽናናቱም ከጉም ውስጥ የሚመጣ ይመስለዋል። ቀየት ከተማ ወፍጮ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ወፍጮው ቀጫጭኑን ድምፅ ሁሉ ከጆሮው ወስዶበታል።

ፕሪአምፕሊፋየሩን ያመጣው አዲስ አበባ ከተዘጋ አንድ ሙዚቃ ቤት ነው። ድምፅ ወደ ትልቁ ማጉያ ከመግባቱ በፊት እዚህ ያልፋል። ዝገቱን ጠረገ፣ ኮንደንሰር የሚባሉትን ያበጡ ትንንሽ ክፍሎች አንድ በአንድ ለወጠ። ወለተኪዳን በሕይወት ሳለች፣ እሱ ሲበይድ እሷ ትሰማለት ነበር። ዘፈን አይከፍቱም። የድምፁን ቁልፍ እስከ ጥግ አዙረው ባዶውን ያዳምጣሉ፤ ባዶው ውስጥ የሽሽሽ ድምፅ ካለ ሥራው አላለቀም። እሷ የክዳኑን አራት ብሎኖች በመዳፏ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና በርጩማዋ ላይ ትቀመጣለች።

«ዛሬም ጓሳ ይነፍሳል» ትላለች። ከጓሳ ተራራ ሥር ነው ያደገችው፤ ነፋስ ሣሩን ሲያሸው ታውቃለች።

አንድ ቀን ሳቀችበት። «ሰው ዘፈን ሊሰማ ይገዛል፤ እኛ ዝም ማለቱን ልንሰማ እንለፋለን።»

ወር በወር ነፋሱ ሳሳ። ከመታመሟ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጡ ዕለት፣ «በግራ በኩል አንዲት ቀጭን ቀርታለች» አለችው። «እሷ ሳትወጣ እንዳትከድነው።»

የጎደለው ኮንደንሰር በአውቶቡስ የደረሰው በቀብሯ ዕለት ነው።

ይህን ሁሉ ለይዘንጋሽ ባጭሩ ነገራት። «አሁን አስገብቼዋለሁ» አላት። «ነፋሷ ወጥታ እንደሆነ ግን አላውቅም። ጆሮዬ እኅትሽ ነበረች።»

ይዘንጋሽ ወደ ድንኳኑ ዞራ አየች። ከዚያ በሩን ገርበብ አደረገችና በእኅቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ጥቁር ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ ወደ ግራው ስፒከር ተጠጋች።

ወዳጆ ቁልፉን እስከ ጥግ አዞረ። በመስኮቱ ጉም ያልፋል። ዓይኗን ስትጨፍን ቤቱ ከነድንኳኑ፣ ከነሰዉ ርቆ የሄደ መሰለው።

«ምን ይላል?»

«ምንም።»

«ደህና አድርገሽ ስሚ።»

ጆሮዋን ይበልጥ አስጠጋች። «ምንም የለም ጋሼ። ሰው ተኝቶበት የወጣ ቤት ነው የሚመስለው።»

ቀስ ብሎ ቁልፉን መለሰ። ክዳኑን አንሥቶ ቀዳዳውን ከቀዳዳው አገጣጠመ። ካቻቢቴውን በቀኝ እጁ ያዘ። ዓይኑን ከክዳኑ ላይ ሳያነሣ፣ እንደ ልማዱ ብሎን ለመቀበል፣ ግራ መዳፉን ወደ በርጩማው ዘረጋ።

ይዘንጋሽ የተዘረጋውን መዳፍ አየችው። ከዚያ እጇን አኖረችበት።

ብሎኖቹ በራሱ ኮት ኪስ ውስጥ ነበሩ። እጁን አልሰበሰበም።